የአራስ ወጥ ቤት በሮክቪል

አገር ቤት ሴት በሰላም ስትገላገል መጀመሪያ እልልታው ይሰማል፤ ቀጥሎ ገንፎ ይገነፋል። ጎረቤት «እንኳን ማርያም ማረችሽ» እያለ ይገባል፣ ከገንፎው ይቀምሳል፣ መርቆ ይወጣል። አራሷ ከዚያ ወዲያ ለሳምንታት ምድጃ አጠገብ አትደርስም። በኦርቶዶክስ ቤተሰብ ወንዱ በ40፣ ሴቷ በ80 ቀን ክርስትና እስኪነሡ ድረስ የእናትየው ሥራ ማጥባት፣ መብላትና መተኛት ነው። እናቷ ትኖራለች፣ አክስቷ ትኖራለች፣ ካልሆነም የጎረቤት ልጅ ትላካለች። የአራስ ምግብ ገንፎ፣ አጥሚት፣ አብሽ፣ ተልባ ተብሎ ሲዘረዘር ዋናው ነገር ሳይጠራ ይቀራል። ድስቱን የሚያማስለው ሌላ ሰው ነው።

ሮክቪል ላይ የሚጎድለው ይኸው ሰው ነው። ዱቄቱማ ሞልቷል። በአሜሪካ ሜሪላንድ የሞንጎመሪ ካውንቲ መቀመጫ የሆነችው ከተማ ከሲልቨር ስፕሪንግ የሐበሻ ሱቆች ሩቅ አይደለችም፤ በሶውም ሽሮውም ኮረሪማውም ከመደርደሪያ ይነሣል። ነገር ግን እዚያው ሮክቪል ሻዲ ግሮቭ ሆስፒታል፣ ወይም ሲልቨር ስፕሪንግ ሆሊ ክሮስ የወለደች እናት ቶሎ ወደ ቤቷ ትሸኛለች። እ.ኤ.አ. በ1996 የወጣው የፌዴራል ሕግ የወሊድ ሽፋን ያለው የጤና መድን በምጥ ለወለደች ቢያንስ 48 ሰዓት፣ በኦፕራሲዮን ለወለደች 96 ሰዓት የሆስፒታል ቆይታ እንዲሸፍን ያዛል። በተግባርም ያለ በቂ ምክንያት ከዚያ በላይ የሚያስተኛ የለም። በሦስተኛው ቀን ባልና ሚስት አፓርታማቸው ውስጥ ከሕፃኑ ጋር ይፋጠጣሉ።

የወሊድ ፈቃዱም አጭር ነው። የኢትዮጵያ የአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 ለወላድ 30 ቀን ከወሊድ በፊት፣ 90 ቀን ከወሊድ በኋላ ከሙሉ ደመወዝ ጋር ይሰጣል። የአሜሪካው እ.ኤ.አ. የ1993 ሕግ 12 ሳምንት ይፈቅዳል፤ ያለ ክፍያ፣ ያውም 50 እና ከዚያ በላይ ሠራተኛ ባለው መሥሪያ ቤት ቢያንስ ዓመት ለሠራ ሰው። ሜሪላንድ ክፍያ ያለው ፈቃድ በ2022 በሕግ ብታጸድቅም ገንዘቡ መከፈል የሚጀምርበት ጊዜ እየተገፋ ጥር 2028 ደርሷል። አዲስ አበባ ያለችው የአራሷ እናት ቪዛ አግኝታ ልጇን ልታርሳት ከመጣች እሰየው። ካልመጣችስ? ያን ጊዜ ሙያው የሚጀመረው ከወሊድ በፊት፣ በስምንተኛው ወር ነው።

በመጀመሪያ ሰውነቷ የሚጠይቀውን እንወቅ። የአሜሪካው የበሽታ መቆጣጠሪያና መከላከያ ማዕከል፣ የምታጠባ እናት ከእርግዝና በፊት ትበላው ከነበረው በተጨማሪ በቀን ከ330 እስከ 400 ካሎሪ ያስፈልጋታል ይላል። ብዙ አይደለም። አንድ ኩባያ የገብስ ዱቄት ብቻውን ወደ 500 ካሎሪ አለው፤ አንድ የሾርባ ማንኪያ ንጥር ቅቤ ደግሞ ከ100 በላይ። አያቶቻችን ካሎሪ ሳይቆጥሩ ገንፎ ላይ መድረሳቸው የሚያስገርም አይደለም። የሚከብደው መጠኑ ሳይሆን ሰዓቱ ነው። አዲስ የተወለደ ሕፃን በ24 ሰዓት ውስጥ ከ8 እስከ 12 ጊዜ ይጠባል፤ አንዱን አጥብተው፣ አስገስተውና ጨርቅ ቀይረው ሳይጨርሱ ሌላው ይደርሳል። በዚህ መሐል እናትየው ያላት አንድ እጅ ነው። እኔ የአራስን ምግብ የምመዝነው በዚህ ነው፤ በአንድ እጅ ይበላል ወይ? የቀዘቀዘ እንደሆነስ ያስኬዳል?

ገንፎ የመጀመሪያውን ፈተና ያልፋል፣ ሁለተኛውን ይወድቃል። ከዳር እየቆረሱ መሐል ካለው ቅቤና በርበሬ እያጠቀሱ ለመብላት አንድ እጅ ይበቃል፤ ከቀዘቀዘ ግን ይደርቃል፣ ቅቤውም ይረጋል። አሠራሩ ደግሞ ጉልበት ይፈልጋል። ውሃው ጨው ተጨምሮበት ይፍላ፣ የታመሰው የገብስ ዱቄት ቀስ በቀስ ይግባ፣ ከዚያ እንዳይጓጉል በእንጨት ማማሰያ ከድስቱ ግድግዳ ጋር እያሹ ማገንፋት ነው። እዚህ አገር ያለው የኤሌክትሪክ ምድጃ ላዩ መስታወት ስለሆነ ድስቱ አብሮ ይዞራል፤ በጨርቅ አጥብቆ የሚይዝ ሌላ እጅ ያስፈልጋል። ሆዷ ተቀዶ ለወለደች ሴት ይህ የሚመከር ሥራ አይደለም። ስለዚህ ሮክቪል ላይ ገንፎ የአባትየው ሙያ ነው ብዬ እደመድማለሁ። በእርግዝናው ወራት ሁለት ሦስት ጊዜ ይለማመድ፤ የመጀመሪያው ቢጓጉል አይፈረድበትም።

ለዚህ ከተማ ኑሮ የተፈጠረው ምግብ አጥሚት ነው። የአጃ ወይም የገብስ ዱቄት መጀመሪያ በቀዝቃዛ ውሃ ይበጠበጣል። በቀጥታ የፈላ ውሃ ላይ ከተነሰነሰ ግን መጓጎሉ አይቀርም። ብጥብጡ የፈላው ላይ ይጨመርና ዱቄት ዱቄት ማለቱ እስኪጠፋ በዝግታ እየተማሰለ ይበስላል። ወተት፣ ትንሽ ቅቤ፣ ማር ይገባበታል። አጃ ከጠፋ የአሜሪካኑ ኦትስ በብሌንደር ተፈጭቶ ያንኑ ሥራ ይሠራል። ማታ አንድ ፔርሙዝ ሞልቶ ከአልጋው ራስጌ ማስቀመጥ ነው፤ ሌሊት 9 ሰዓት ላይ ሕፃኑ ሲነቃ ወጥ ቤት መሄድ የለም፣ መብራት ማብራት የለም። የምታጠባ እናት ጥም ስለሚበረታባት ፈሳሽ መሆኑም ይጠቅማል።

ማሩ ግን ለእናትየው ብቻ ነው። ለሕፃን ዓመት ሳይሞላው ማር ማቅመስ ቦቱሊዝም የሚባል ሽባ የሚያደርግ መመረዝ ሊያመጣ ይችላል። ቅቤ ማቅመስና እንገርን አፍስሶ መጣልም ከአገር ቤት ይዘነው የመጣነው፣ ጥለነው ብንገባ የሚሻለን ልማድ ነው። እንገሩ ቢጫና ጥቂት ቢሆንም ለሕፃኑ የመጀመሪያው መከላከያ ነው።

አብሽ ላይ ትንሽ ልቆይ፤ ስሙ ከሥራው ይበልጣልና። የአብሹ ዱቄት በውሃ ተዘፍዝፎ ያድራል። ጠዋት ላዩ ላይ የጠለለው ቢጫ ውሃ መራራ ስለሆነ ይደፋል፣ ሌላ ውሃ ይጨመራል፣ ያም ይደፋል። የቀረው ዝልግልግ ሲመታ እየነጣና እየተነፋ ይሄዳል፤ ማርና ውሃ ሲገባበት የሚጠጣ ይሆናል። ይህ ቢሳካ ደስ የሚል መጠጥ ነው፣ ለሆድ ድርቀትም ይበጃል። «ወተት ያመጣል» የሚለውን ግን ጥናቶቹ በአንድ ቃል አይደግፉትም፤ አብዛኞቹ ትንንሽ ናቸው፣ ውጤታቸውም የተለያየ ነው። የስኳር መጠን ስለሚቀንስ የስኳር መድኃኒት የምትወስድ፣ ደም የሚያቀጥነውን ዋርፋሪን የምትወስድ፣ ሽምብራ ወይም ኦቾሎኒ የማይስማማት እናት ሐኪሟን ሳትጠይቅ ባትጀምረው ይሻላል።

አንድ ሌላ ጉዳይም አለ። አብሽ የጠጣች እናት ላቧ፣ የሕፃኑም ሽንት፣ አሜሪካኖች ፓንኬክ ላይ የሚያፈሱትን የሜፕል ሲረፕ ጠረን ይይዛል። የሽንት ጠረኑ እንደዚያ የሚሆንበት ከባድ የዘር በሽታ ስላለ፣ አብሹ ሐኪሞችን ያሳሳተበት አጋጣሚ በሕክምና መጽሔቶች ተመዝግቧል። ለሕፃኑ ሐኪም «አብሽ እየጠጣሁ ነው» ብሎ አስቀድሞ መናገር ከብዙ ድንጋጤ ያድናል።

ጡት እንዲያጋት የሚያደርገው ከምግብ ይልቅ የሕፃኑ አፍ ነው። ጡቱ በተጠባና በተራቆተ ቁጥር ሰውነት ሌላ ያዘጋጃል፤ ሳይጠባ ሞልቶ ሲቆይ ምርቱን ይቀንሳል። ሲጠባ የሚመነጨው ኦክሲቶሲን የተባለ ሆርሞን ወተቱን ወደ ጫፍ ይገፋል። ጠላ ወተት ይጨምራል የሚሉ አሉ፤ አልኮል ግን ይህንኑ ሆርሞን ያዳክማል፣ ወደ ወተቱም ይገባል። ቡና ቢሆን በልክ ይቻላል፤ በቀን 300 ሚሊ ግራም ካፌይን፣ ማለትም ሁለት ሦስት የአሜሪካ ኩባያ አካባቢ፣ እንደ ጣሪያ ይቆጠራል። ስለዚህ ምግቡ የሚበላው እናትየው እንዳትደክም፣ ተቀምጣ ለማጥባት አቅም እንዲኖራት ነው እንጂ ወተቱ ከገንፎው ውስጥ ተቀድቶ አይደለም።

እንግዲህ በስምንተኛው ወር ምን ይሠራ? ቁሌት። አራት አምስት ኪሎ ሽንኩርት አንድ ቅዳሜ ከትፎ፣ ከበርበሬና ከቅቤ ጋር አቁላልቶ፣ በትንንሽ ከረጢት ፍሪዘር ውስጥ መደርደር ነው። ከዚያ በኋላ ምስር ወጥ የግማሽ ሰዓት ሥራ ይሆናል፤ አባትየው ምስሩን ኢንስታንት ፖት በሚባለው የኤሌክትሪክ ማብሰያ ውስጥ ከቁሌቱ ጋር ይጨምርና ክዳኑን ይዘጋል። ቅቅልም እንዲሁ ነው፤ አጥንቱ፣ ሽንኩርቱና ጨው አንድ ላይ ገብተው ማንም ሳያማስላቸው መረቅ ይሆናሉ። ቅቤውን ከሱፐርማርኬት ጨው የሌለበትን ገዝቶ በኮረሪማ፣ በኮሰረትና በበሶብላ አንጥሮ ማስቀመጥ ነው። በመጨረሻ ጭኮ። በሶ በንጥር ቅቤና በጨው ታሽቶ፣ ቀናት ቢቆይ የማይበላሽ፣ ማንኪያ የማይፈልግ፣ ሕፃኑን በግራ ይዞ በቀኝ የሚጎረስ ነው። ከሁለቱም ፈተናዎች ያለ እንከን ያለፈ ምግብ ጥቀሱ ብባል ጭኮን እጠራለሁ፤ የኦሮሞ እናቶች ይመስገኑ።

ጾም ሲመጣ ጥያቄው ይነሣል። አራስና የምታጠባ እናት እንድትጾም ቤተ ክርስቲያን አታስገድድም፤ በእስልምናም ለራሷ ወይም ለልጇ የምትፈራ አጥቢ እናት ረመዳንን እንድታፈጥር ተፈቅዷል። ያም ሆኖ ሁዳዴ ላይ ልቧ አልቀበል የሚላት እናት ብዙ ናት። እንዲህ ያለችው ቢያንስ ቫይታሚን ቢ12 በኪኒን ትውሰድ፤ ያለ ሥጋ፣ ያለ ወተትና ያለ እንቁላል ከሌላ ቦታ ማግኘቱ ያስቸግራል፣ እሷ ካጣችው ሕፃኑም ያጣል። አዮዲን ያለበት ጨው ትጠቀም። የጾም ይሁን የፍስክ፣ ጡት ብቻ ለሚጠባ ሕፃን ደግሞ የአሜሪካ የሕፃናት ሐኪሞች አካዳሚ ከመጀመሪያዎቹ ቀናት አንሥቶ በቀን 400 ዩኒት ቫይታሚን ዲ በጠብታ እንዲሰጠው ይመክራል። የአዲስ አበባን ፀሐይ የለመደች አያት ይህ ላይዋጥላት ይችላል፤ የሜሪላንድን ጥር ስታይ ግን ትረዳዋለች።

ገቢው ጠበብ ላለ ቤት ዊክ የሚባል ፕሮግራም አለ። በ1972 በሙከራ ተጀምሮ በ1975 ቋሚ የሆነ የፌዴራል ድጋፍ ነው። የምታጠባ እናት ልጇ ዓመት እስኪሞላው ትታቀፋለች፤ የማታጠባዋ የምታገኘው ለስድስት ወር ነው። ሙሉ በሙሉ የምታጠባዋ ከሁሉም የሰፋውን የምግብ ዝርዝር ታገኛለች። ወተት፣ እንቁላል፣ አትክልት፣ የታሸገ ዓሣ፣ ሙሉ እህልና ጥራጥሬ ነው። ጥራጥሬው ምስርን ስለሚጨምር፣ ከእህሎቹም ኦትስ ስላለ፣ የፕሮግራሙ ካርድ ሲከፈት የምስር ወጥና የአጥሚት ግማሽ መንገድ ተሄደ ማለት ነው። የእኛ ሰዎች ይህን ከልመና ጋር እያያያዙ ሲያፍሩ አያለሁ። ነገሩ ግን ለእናትና ለልጅ ጤና ተብሎ ከግብር የተመደበ ነው።

አራስ ጠያቂውንም እንጥራው። ዶሮ ወጥ ይዞ ከጀርማንታውንም ከአሌክሳንድሪያም ድረስ የሚመጣ ወዳጅ አይታማም። ግን ሦስት ሰዓት ተቀምጦ ቡና የሚጠብቅ እንግዳ አራስ አልጠየቀም፤ ራሱን አስጠየቀ። እኔ ብሆን እቃ መልሼ የማልወስድበትን በአንድ ጊዜ የሚበላ ምግብ አመጣለሁ፣ የተጠራቀመውን ሳህን አጥባለሁ፣ ገንፎም የምችል ከሆነ አገነፋለሁ፣ እወጣለሁ።

ፈቃዱ አልቆ ሥራ ሲጀመር ምሳው እንደገና ይታሰብበታል። በ2022 መጨረሻ የወጣው የፌዴራል ሕግ ለአብዛኞቹ ሠራተኞች ልጅ ዓመት እስኪሞላው ወተት ማለቢያ ጊዜና ከመጸዳጃ ቤት ውጭ የሆነ ገለል ያለ ቦታ እንዲሰጥ ያዛል። የታለበው ወተት በክፍል ሙቀት እስከ 4 ሰዓት፣ በፍሪጅ እስከ 4 ቀን ይቆያል፤ በፍሪዘር ከሆነ 6 ወር ያህል ጥሩ ነው። ከቁሌቱ ከረጢቶች የቱ በየትኛው ቀን እንደተሠራ እንደሚጻፍ ሁሉ ወተቱም ላይ ቀኑ ይጻፍበት፣ አሮጌው ይቅደም። ለምሳዋ ደግሞ ጠዋት የተሞላ ፔርሙዝ አጥሚትና ሁለት የተቀቀለ እንቁላል ይበቃታል፤ ሳታልብ ቀርታ ለመብላት፣ ወይም ሳትበላ ቀርታ ለማለብ አትገደድም።