ከጎረቤቱ የተላቀቀ ሕዋስ፦ የፕሮስቴት ካንሰር አጥንት የሚደርስበት መንገድ

በሳዑዲ ዓረቢያ ምሥራቃዊ ክልል፣ ከሰይሃት እስከ ደማምና ኾበር፣ በጉልበት ሥራ ለሚተዳደሩ ኢትዮጵያውያን የወገብ ሕመም እንግዳ ነገር አይደለም። ሸክሙና የሥራው ሰዓት ርዝመት በቂ ምክንያት ሆነው ይታያሉ። ሆኖም ዕድሜው በገፋ ወንድ ላይ አልለቅ ያለ የወገብ ወይም የዳሌ ሕመም አንዳንድ ጊዜ ከፕሮስቴት ተነሥቶ አጥንት የደረሰ ካንሰር ምልክት ይሆናል። በሽታው ይህን መንገድ እንዴት እንደሚጓዝ ለመረዳት የሕዋሳትን ጉርብትና መመልከት ያስፈልጋል።

ፕሮስቴት ከሽንት ፊኛ ሥር የሚገኝ ትንሽ ዕጢ ነው። ጤናማ ሕዋሳቱ እንደ ግንብ ድንጋይ ተደርድረው፣ በገጻቸው ላይ ባሉ አጣባቂ ሞለኪውሎች ተያይዘው ይኖራሉ። ከእነዚህ ዋነኛው ኢ-ካድሄሪን የተባለው ፕሮቲን ሲሆን፣ በካልሲየም እየታገዘ አንዱን ሕዋስ ከሌላው ጋር ያቆላልፋል። እ.ኤ.አ. በ1992 የታተመ የኔዘርላንድስ ተመራማሪዎች ጥናት፣ ይህ ፕሮቲን በአደገኛ የፕሮስቴት ካንሰሮች ላይ እንደሚቀንስ ወይም ጨርሶ እንደሚጠፋ አሳይቷል። ማያያዣው ሲላላ ሕዋሱ ከሰፈሩ ለመውጣት ይቀለዋል።

መላቀቅ ብቻውን ግን አያደርስም። ኢንቴግሪን የተባሉ ሌሎች አጣባቂዎች ሕዋሱ በአካባቢው ያለውን ሥጋ እየያዘ እንዲራመድና በአጥንት ላይ እንዲያርፍ ያግዙታል። በአጥንት ከሰፈረ በኋላም ቀድሞ የጣለውን ኢ-ካድሄሪን መልሶ የሚያመርትበት ጊዜ አለ። ካንሰሩ እንደ አስፈላጊነቱ የሚላቀቅና የሚጣበቅ በመሆኑ፣ አንድን ሞለኪውል ብቻ ዒላማ በማድረግ መግታቱ አዳጋች ሆኗል።

እውቀቱ ለምርመራ ግን ጠቅሟል። ኤፕካም በተባለ አጣባቂ ሞለኪውል አማካይነት በደም ውስጥ የሚዘዋወሩ የካንሰር ሕዋሳትን ለይቶ የሚቆጥር ዘዴ፣ የተሠራጨ የፕሮስቴት ካንሰር ያለባቸውን ሕሙማን ለመከታተል እ.ኤ.አ. በ2008 በአሜሪካ ተፈቅዷል።

ከሁሉ የሚበልጠው ትምህርት ግን የጊዜ ጉዳይ ነው። ሕዋሳቱ ከዕጢው ሳይወጡ የተደረሰበት ካንሰር በቀዶ ሕክምና ወይም በጨረር ሊድን ይችላል። አጥንት ከደረሰ በኋላ ሕክምናው ዕድሜን ያራዝማል፣ ሕመምን ያስታግሣል እንጂ አብዛኛውን ጊዜ ፈጽሞ አያድንም። ችግሩ በሽታው በመነሻው ብዙ ጊዜ ምልክት አለማሳየቱ ነው። ስለዚህ የአሜሪካ ካንሰር ማኅበር ወንዶች ከ50 ዓመታቸው፣ ጥቁሮች እንዲሁም አባታቸው ወይም ወንድማቸው ከ65 ዓመቱ በፊት የታመመባቸው ደግሞ ከ45 ዓመታቸው ጀምሮ ስለ ምርመራ ከሐኪም ጋር እንዲመክሩ ያሳስባል። ፒ.ኤስ.ኤ የተባለው የደም ምርመራ ውጤት ከፍ ማለት ብቻውን ካንሰር አያሰኝም፤ የዕጢው ማበጥ ወይም መመረዝም ከፍ ያደርገዋልና።

በደማም የንጉሥ ፋህድ ስፔሻሊስት ሆስፒታል፣ በአዲስ አበባም ጥቁር አንበሳ ሆስፒታል ካንሰርን ከሚያክሙ ተቋማት መካከል ናቸው። ወደዚያ ከመድረስ አስቀድሞ ግን በቅርብ ላለ ሐኪም ስለ ሽንት መቸገርም ሆነ ስለማይለቅ የወገብ ሕመም ሳያፍሩ መናገር ይገባል። በኀፍረት የሚያልፈው እያንዳንዱ ወር ለተላቀቀው ሕዋስ የመንገድ ስንቅ ነው።