ከባሕሩ ጨው እስከ ኔጌቭ አቧራ፦ የጉዞ ሞተር ሳይክል አያያዝ ከነታንያ ሲታይ

በቅሎን አባትሽ ማን ነው ቢሏት ፈረስ አጎቴ ነው አለች ይባላል። ዛሬ «አድቬንቸር» እየተባለ የሚሸጠው ትልቅ ሞተር ሳይክልም ትውልዱ የበቅሎ ነው። በአንድ ወገን ለአስፋልት ረጅም ጉዞ የተሠራው ምቹ ሞተር፣ በሌላ ወገን አሸዋና ድንጋይ የሚዘለው ቀላል ሞተር ወልደውታል። ባለቤቱን ዘሩን ብትጠይቁት ግን የሚጠራላችሁ የበረሃውን የዳካር ውድድር ብቻ ነው፤ በሳምንት አምስት ቀን ከነታንያ ወደ ቴል አቪቭ በመንገድ 2 ላይ በመኪና ሰልፍ መሃል ሲሽሎከሎክ መዋሉን አያነሳውም። እኔም ብሆን አላነሳውም።

ዘሩን ለመቁጠር ያህል (ዘመኑ ሁሉ በፈረንጆች አቆጣጠር ነው)፣ የጀርመኑ ቢኤምደብሊው በ1980 አር 80 ጂ/ኤስ የተባለውን ሞዴል ሲያወጣ፣ ሲሊንደሮቹ ግራና ቀኝ የተዘረጉትን የመንገድ ሞተር እግሩን አስረዝሞ ገጠር አሰማራው። ጉልበቱ 50 ፈረስ ነበር። በ1981 ፈረንሳዊው ኡበር ኦሪዮል በዚሁ ዘር ፓሪስ–ዳካርን አሸነፈበት። ያማሃ በ1983 ስሙን ከኒጀር በረሃ የወሰደውን ቴኔሬን፣ ሆንዳ በ1988 አፍሪካ ትዊንን አስከተሉ። ከዚያ በ2004 ተዋናዩ ዩዋን ማክግሬገርና ጓደኛው ቻርሊ ቡርማን ከለንደን ተነስተው በምሥራቅ በኩል ኒው ዮርክ የደረሱበት ጉዞ በቴሌቪዥን ታየ፤ ሞተር ነድቶ የማያውቀው ሁሉ የአሉሚኒየም ሳንዱቅ ይመኝ ጀመር። ሁለቱ በ2007 ከስኮትላንድ እስከ ደቡብ አፍሪካ ጫፍ ሲወርዱ ኢትዮጵያንም አቋርጠዋል። በ50 ፈረስ የተጀመረው ዘር በ2023 በወጣው አር 1300 ጂኤስ 145 ደርሷል።

ነታንያ ከቴል አቪቭ በስተ ሰሜን 30 ኪሎ ሜትር ገደማ ርቃ፣ በሜድትራኒያን ዳር ባለ የአሸዋ ድንጋይ ገደል ላይ በ1929 የተቆረቆረች ከተማ ናት። ቤተ እስራኤላውያን በብዛት ከሚኖሩባቸው የእስራኤል ከተሞች አንዷ ስለሆነች፣ በአንዳንድ ሰፈሮቿ አማርኛ ሳይሰሙ መዋል ይከብዳል። ጋራዥ ሲገባ ግን ቋንቋው ይደባለቃል። ካንዴላ፣ ፍሪሲዮን፣ ሞላ፣ ካቴና፣ ኩሽኔታ፣ ፖርቶመጋላ፦ አማርኛ መካኒክነትን የተማረው ከጣልያን ነው። የዕብራይስጡ ሙሳኽ (ጋራዥ) ደግሞ ከእንግሊዞች ዘመን የወረሳቸው ቃላት አሉት። የተበሳ ጎማ «ፓንቸር» ነው፤ የኋላው አክስል «ባክ-አክስ»፤ የፊተኛው ደግሞ ማንም ሳይስቅ «ፍሮንት ባክ-አክስ» ይባላል። ከጎንደር የመጣ አባት «ካንዴላው ይታይ» ሲል፣ እዚህ የተወለደው ልጁ ምን እንደተባለ ለማወቅ ስልኩን ያወጣል።

አገሩ ለረጅም ጉዞ ጠባብ ነው። ከሰሜን ጫፍ ከመቱላ አንስቶ እስከ ኤላት የሚወርደው መንገድ 90 የአገሪቱ ረጅሙ መንገድ ሆኖ 480 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው፤ በሊባኖስና በሶርያ በኩል ድንበሩ ዝግ ነው። ታዲያ ርቀቱ ቢያንስም መልክዓ ምድሩ ይለዋወጣል። ማልዶ ከ2,000 ሜትር በላይ ከሆነው ሄርሞን የተነሳ ሰው፣ ሳይመሽ ከባሕር ጠለል 430 ሜትር ገደማ ዝቅ ካለው ሙት ባሕር ይደርሳል። ስለዚህ እዚህ ሞተሩን የሚፈትነው የኪሎ ሜትር ብዛት አይደለም፤ ጨው፣ አቧራና ሙቀት ናቸው።

ከሦስቱ ጨዉ ይብሳል። የነታንያ ሞተር ሳይነዳም ያረጃል። በክረምት ከባሕሩ የሚነሳው ነፋስ ጨዋማ ጉም ይዞ በየሰገነቱ ሥር በቆሙት ሞተሮች ላይ ያርፋል። መጀመሪያ የብሎኖቹ ራስ ይነጣል፤ ቀጥሎ የቸርኬው ሽቦዎች መጋጠሚያ ይዝጋል። ከዚያ የፊት ሹካው የሚያብረቀርቅ ቱቦ ላይ መርፌ የወጋው የሚመስል ነጠብጣብ ይወጣል። ይህ ነጠብጣብ ትንሽ ይመስላል እንጂ ሹካው ሽቅብ ቁልቁል ባለ ቁጥር የዘይት ማኅተሙን እንደ ሞረድ ይበላዋል። ማኅተሙ ሲቀደድ ዘይቱ ይወርዳል፤ የሚወርደው ደግሞ ፍሬኑ ላይ ነው። የኤሌክትሪክ ማያያዣዎቹም ውስጥ ውስጡን አረንጓዴ ዝገት ያወጣሉ፤ አንድ ቀን ያለ ምክንያት የኤቢኤሱ መብራት ይበራል፣ ሰዉም ኮምፒውተሩን ይራገማል።

መድኃኒቱ ርካሽ ነው። ንጹሕ ውሃ በቀስታ ማፍሰስ፣ ማድረቅ፣ ማያያዣዎቹን ፈትቶ የሲሊኮን ግሪስ መቀባት፣ ብረቱን በፀረ ዝገት ቅባት መርጨት፤ የፍሬን ዲስኮቹ ላይ ግን ጠብታ እንዳያርፍ። በከፍተኛ ግፊት ውሃ ማጠብ የብዙዎች ስሕተት ነው፤ ጭቃውን ቢያነሳም ጨውና ውሃውን ወደ ኩሽኔታው ይገፋዋል። ሌላም የተለመደ ጥፋት አለ፦ የዛገውን ብሎን በሚያብረቀርቅ ስቴንለስ መለወጥ። ስቴንለሱ አይዝግም፤ ነገር ግን አሉሚኒየም ውስጥ ገብቶ ጨዋማ እርጥበት ሲያገኘው ሁለቱ ብረቶች እንደ ባትሪ ይሠራሉ፣ የሚበላውም አሉሚኒየሙ ነው። ከሁለት ክረምት በኋላ ብሎኑ ልፍታህ ቢሉት የአሉሚኒየሙን ጥርስ ይዞ ይወጣል። ሲገጠም መጣበቅን የሚከላከለውን ቅባት መቀባት ያድናል። «አሻሻልኩት» ያልነው ነገር ሁሉ መሻሻል እንዳልሆነ ለማሳየት ከዚህ የተሻለ ምሳሌ አላውቅም።

ካቴና ላይ ትንሽ ልቆይ። የዛሬ ሞተር ካቴና በየመጋጠሚያው የጎማ ቀለበት አለው፤ ዋናው ግሪስ ከፋብሪካ ጀምሮ ከቀለበቶቹ ኋላ ታሽጎ ነው የሚኖረው። እኛ ከውጭ የምንቀባው ቀለበቶቹ እንዳይደርቁና ብረቱ እንዳይዝግ ነው። ስለዚህ በቤንዚንና በሽቦ ብሩሽ የሚያጥብ ሰው ካቴናውን እየገደለው ነው፤ ላምባና ለስላሳ ብሩሽ ይበቃል። በየ500 እስከ 1,000 ኪሎ ሜትር፣ እንዲሁም ከዝናብ በኋላ መቀባት የተለመደ ነው። መላላቱን ስንለካ ጎማውን እያዞርን በጣም የጠበቀበትን ቦታ መፈለግ አለብን፤ እኩል አይለጠጥምና። ከላላ ካቴና የጠበቀ ይብሳል፤ የኋላ ጎማው ሲነጥር የማርሽ ሳጥኑን ኩሽኔታ ይጎትተዋል። ለኔጌቭ ጉዞ ደግሞ ጠዋት ሊነሱ ሲሉ ወፍራም ቅባት መቀባት አሸዋውን መጋበዝ ነው፤ ማታውኑ በስሱ ተቀብቶ ይደር። እንደ ጂኤስ ያሉት ካቴና የላቸውም፤ ጉልበቱ በዘንግ ነው የሚተላለፈው። ባለቤቶቹ በዚህ ይኮራሉ፤ የኋላው ማርሽ ቤትም ዘይቱ እንደሚለወጥ የሚያስታውሱት ግን ጥቂቶቹ ናቸው።

የሞተር ዘይት ነገር አጭር ነው። በብዙዎቹ ሞተር ሳይክሎች ፍሪሲዮኑ የሚዋኘው በዚያው በሞተሩ ዘይት ውስጥ ስለሆነ፣ ሰበቃ እንዲቀንስ ተብሎ ለመኪና የተቀመመ ዘይት ሊያንሸራትተው ይችላል፤ ጀሪካኑ ላይ «ጃሶ ኤምኤ2» የሚለውን መፈለግ ነው። የቫልቭ ክፍተት ምርመራው ግን የሞተሮቹን ጠባይ ያሳያል። ጂኤስ በየ10,000 ኪሎ ሜትሩ ዘይት፣ በየ20,000ው ቫልቭ ይታይልኝ ይላል፤ አፍሪካ ትዊን ቫልቩን በየ24,000፣ ቴኔሬ 700 ወደ 40,000 ገደማ። የጂኤሱ ቶሎ ቶሎ መሆኑ አያስደንግጥ፤ ሲሊንደሮቹ ወደ ጎን ስለወጡ ክዳኑ በመንገድ ዳር ይፈታል። በሌሎቹ ታንከሩና የአየር ማጣሪያው ቤት ሳይነሱ ቫልቭ አይታይም።

ብዙ የማይነዳ ሰው ደግሞ ከኪሎ ሜትሩ ይልቅ የቀን መቁጠሪያውን ይይ። የፍሬን ዘይት እርጥበት ከአየር ይስባል። ዶት 4 የሚባለው አዲስ ሳለ እስከ 230 ዲግሪ ሳይፈላ ይቆያል፤ ውሃ ሲጠጣ ወደ 155 ሊወርድ ይችላል። ከዓራድ ወደ ሙት ባሕር 1,000 ሜትር ገደማ በሚወርደው ጠመዝማዛ ቁልቁለት፣ ሁለት ሰውና ሳንዱቅ ተጭኖ፣ ይህ ቁጥር የወረቀት ነገር አይደለም፤ ዘይቱ ከፈላ የፍሬኑ መያዣ እጅ ውስጥ ይለሰልሳል። በየሁለት ዓመቱ ይለወጥ የሚባለው ለዚህ ነው። ኔጌቭ ደርሶ የመጣ ሰው የአየር ማጣሪያውንም ሳያይ አይደር፤ የዚያ ምድር አፈር እንደ ዱቄት የላመ ነው፣ ማጣሪያው በደንብ ካልተቀመጠ ገብቶ ሲሊንደሩን ይፈጨዋል።

ማሻሻል የሚባለው የሚጀምረው ከዚህ ሁሉ በኋላ ነው፤ ገበያው ግን ከዚህ በፊት ሊያስጀምረን ይፈልጋል። እንደ እኔ አስተያየት የመጀመሪያው ገንዘብ ለሞላው መዋል አለበት። ፋብሪካው ሞላውን የሚመርጠው ለአንድ መካከለኛ ክብደት ላለው ነጂ ነው፤ ሚስትና ሳንዱቅ ሲጨመሩ የኋላው አሞርዛተር ይሰምጣል፣ የፊት መብራቱ ወፍ ያበራል፣ መሪውም ይቀልላል። ነጂው ተቀምጦበት ከጠቅላላ እርግብግቢቱ ሲሶ ያህል መውረዱ ልክ ነው ይባላል፤ ይህንን በሜትር መለካት ምንም አያስከፍልም። በማስተካከያው ካልተገኘ ለክብደቱ የሚስማማ ሞላ መግዛት ነው። የስዊድኑ ኦሊንስ ያምራል፤ ልክ የሆነ ተራ ሞላ ግን ልክ ካልሆነ ኦሊንስ ይሻላል።

ቀጥሎ ጎማ። ጥርሱ የበዛው እንደ ቲኬሲ 80 ያለው ለአፈር ግሩም ሆኖ በበጋ የጋለ አስፋልት ላይ እንደ እርሳስ ላጲስ ያልቃል፤ አብዛኛውን ጊዜ አስፋልት ለሚነዳ ሰው መሃከለኛ ጥርስ ያለው ይበቃዋል። ጎላን ላይ ጥቁሩ የባዛልት ድንጋይ የጎማውን ጎን ይቀዳል፤ ስለዚህ ነፋሱን አብዝቶ ማውረድ እዚያ አደጋ ነው። ቴኔሬ 700 ከላማዳሪያ አለው፤ ሲበሳ ጎማውን መገልበጥ ያስፈልጋል። የጂኤሱ የሽቦ ቸርኬ ያለ ከላማዳሪያ ስለሚሠራ በአምስት ደቂቃ ይደፈናል። ቸርኬው ሲጣመም ግን ከላማዳሪያ ያለው ይስቃል።

ከታች የሞተር መከላከያ ጋሻና የጎን ብረት ጥሩ ናቸው፤ የተሰበረ ራዲያተር ከሁለቱም ይወደዳልና። ሳንዱቅ ላይ ግን ሒሳብ ይሠራ። አር 1250 ጂኤስ ነዳጁን ሞልቶ 249 ኪሎ ይመዝናል፤ የተፈቀደለት ጠቅላላ ክብደት 465 ነው። የሚቀረው 216 ነው። ከነልብሱ 95 ኪሎ የሆነ ነጂና 65 ኪሎ የሆነች ተፈናጣጭ ሲቀመጡ 56 ይተርፋል፤ ሦስቱ ሳንዱቆች ከነፖርቶመጋላቸው ባዷቸውን ከዚያ ሲሶውን ይወስዳሉ። በቅሎ ጭነው ያደጉ አባቶቻችን ይህን ያለ ሚዛን ያውቁታል፦ ጭነቱ ወደ ኋላ ከሄደ አቀበት ላይ ትቆማለች፣ ወደ ላይ ከወጣ ትወድቃለች። ከባድ ከባዱ ዝቅ ብሎ ወደ ነጂው ቀረብ ይበል።

ሕጉንም ማለፍ አይቻልም። በየዓመቱ ቴስት የሚባለው የተሽከርካሪ ምርመራ አለ። ዕድሜው ለኤ1 መንጃ ፈቃድ ብቻ የደረሰ ወጣት ከ35 ኪሎ ዋት፣ ማለትም ከ47 ፈረስ ጥቂት ከፍ ካለ ጉልበት በላይ መንዳት አይፈቀድለትም። ጎማውን በባሕር ዳር አሸዋ ልፈትሽ የሚልም በ1997 በወጣው ሕግ በባሕር ዳርቻ መንዳት ክልክል መሆኑን ይወቅ። ኔጌቭ ውስጥ ደግሞ ሰፊው መሬት የጦር ሠራዊቱ የተኩስ ልምምድ ክልል ነው።

እዚህ ካሉ አማርኛ ተናጋሪ ነጂዎች ጋር ቡና ላይ ከተቀመጡ ወሬው መጨረሻው ጎንደር ነው። በግብፅና በሱዳን አድርጎ በመተማ መግባት፤ ወላጆቻቸው በእግር የወጡበትን መንገድ በሞተር መመለስ። በሱዳን ከሚያዝያ 2023 ጀምሮ ባለው ጦርነት ይህ መንገድ ለጊዜው ሕልም ነው፤ በአማራ ክልልም መንገዱ ሰላም አላገኘም። ሕልሙ ግን ለዝግጅት ይጠቅማል፤ ከነታንያ የሚገዛውን ዕቃ ለመመዘን ከሊማሊሞ የተሻለ ሚዛን የለም። ከደባርቅ ወርዶ በሚጠማዘዘው በዚያ ገደል ላይ ተጨማሪ መብራቶችና ባለቀለም ስክሪን ምን ይረባሉ? የሚረባው ያልፈላ የፍሬን ዘይትና ያልሰመጠ ሞላ ነው። ከ12 እጥፍ በላይ አየር የሚጨምቀው አዲስ ሞተር ኦክቴኑ ዝቅ ያለ ቤንዚን ሲያገኝ ሊያንኳኳ ይችላል፤ 8 እጥፍ የሚጨምቀው አሮጌው አር 80 ደንታ የለውም። ጎማ ሲበሳም የጂኤሱን 19 ኢንች ጎማ ጎሚስታው አይቶት አያውቅ ይሆናል። በገጠር ጤና ጣቢያና ግብርና ቢሮ በር ላይ ለዓመታት የቆመው የያማሃ ዲቲ የፊት ቸርኬ ግን 21 ኢንች ነው፣ እንደ ቴኔሬው፤ ከላማዳሪያው ከአንድ ሱቅ መደርደሪያ ላይ አቧራ ለብሶ ይገኝ ይሆናል።