ለጊፋታ ፖስተር የትኛው ኮምፒውተር?

የወላይታ ዘመን መለወጫ የሆነው ጊፋታ በመስከረም ወር ይከበራል። በዓሉ ሲቃረብ ወላይታ ሶዶ ውስጥ የሚዘጋጅን አንድ ፖስተር ቀረብ ብለን እንየው። አንዱ መስመር አማርኛ ነው፤ በግዕዝ ፊደል ተጽፏል። ሌላው ወላይትኛ ነው፤ በላቲን ፊደል። ዳር ዳሩን የወላይታ የባህል ጨርቅ የሆነው የዱንጉዛ ቀለሞች አስውበውታል፦ ቀይ፣ ጥቁርና ቢጫ። ይህን ለመሥራት ማክ ይሻላል ወይስ ዊንዶውስ?

ማክ በዲዛይነሮች ዘንድ ያለው ዝና መነሻው ታሪክ ነው። አፕል ማኪንቶሽን ለገበያ ያቀረበው እ.ኤ.አ. በ1984 ሲሆን፣ የምስል ማቀናበሪያው ፎቶሾፕ በ1990 ሲወጣ የሚሠራው በእሱ ላይ ብቻ ነበር። ዛሬ ግን ፎቶሾፕም ኢሉስትሬተርም በሁለቱም ላይ ይሠራሉ። ፊደላችንም በ1999 ዩኒኮድ ወደሚባለው ዓለም አቀፍ የፊደላት መለያ ስለገባ በሁለቱም ላይ ይነበባል። ችግር የሚገጥመው በድሮ ፎንት የተጻፈ ፋይል ሲመጣ ነው፤ ፎንቱ በሌለበት ኮምፒውተር ላይ «ጊፋታ» የሚለው ቃል የተዘበራረቁ የላቲን ፊደላትና ምልክቶች ሆኖ ይታያል። መፍትሔው ፎንቱን መጫን ወይም ጽሑፉን በዩኒኮድ እንደገና መጻፍ ነው እንጂ ሌላ ኮምፒውተር መግዛት አይደለም።

ቀለም ላይ ስንደርስ ነገሩ ይለያል። ስክሪን ቀለምን የሚያሳየው በብርሃን ነው፤ ማተሚያ ግን አራት ቀለሞችን እያዋሐደ ያትማል። በዚህ ምክንያት ስክሪን ላይ የደመቀው የዱንጉዛ ቀይ ወረቀት ላይ ሊደበዝዝ ይችላል። ባለሙያው ፋይሉን ሲኤምዋይኬ ወደሚባለው የኅትመት ቀለም አስቀድሞ ይለውጣል፤ ይህን ፎቶሾፕም፣ በነፃ የሚገኘው ክሪታም ይሠራሉ። የአፕል ላፕቶፕ የሆነው የማክቡክ ስክሪን ቀለምን በታማኝነት በማሳየት የታወቀ ነው፤ የብዙ ርካሽ ላፕቶፖች ስክሪን ግን ቀለምን ያገረጣል። ዊንዶውስ የመረጠ ሰው ጥሩ ሞኒተር ለብቻው መግዛት ይችላል።

ወደ ውስጠኛው አካል እንግባ። አፕል እ.ኤ.አ. በ2020 ኤም 1 የተባለውን የራሱን ፕሮሰሰር አወጣ። ኃይል ቆጣቢ በመሆኑ የማክቡክ ባትሪ ረጅም ሰዓት ይሠራል፤ መብራት በሚቆራረጥበት ቦታ ይህ ትልቅ ሀብት ነው። በአንጻሩ ራሙ ከፕሮሰሰሩ ጋር አንድ ላይ ስለተሠራ 8 ጊጋባይት የገዛ ሰው በ8 ይቆያል። በብዙ የዊንዶውስ ዴስክቶፖች ላይ ግን ክዳኑን በካቻቢቴ ከፍቶ ራም መጨመር፣ የተበላሸውንም ክፍል ብቻ መቀየር ይቻላል።

የሶፍትዌሩ ዋጋም አብሮ ይታሰብ። የፎቶሾፕና የኢሉስትሬተር አምራች አዶቢ እ.ኤ.አ. ከ2013 ወዲህ አዳዲስ ፕሮግራሞቹን የሚሸጠው በየጊዜው በሚከፈል ክፍያ ነው። ቪዲዮ ለሚያቀናብር ሰው ደግሞ፣ ፋይናል ከት ፕሮ የሚሠራው በአፕል ምርቶች ላይ ብቻ ነው። ዳቪንቺ ሪዞልቭ የተባለው የቪዲዮ ኤዲቲንግ ፕሮግራም ግን ነፃ ቅጂ አለው፤ በማክም፣ በዊንዶውስም፣ በሊኑክስም ይሠራል። በዊንዶውስ ላይ 16 ጊጋባይት ራም ይፈልጋል፤ ራም መጨመር የሚቻልበት ኮምፒውተር የሚጠቅመውም እዚህ ላይ ነው።

እንደ እኔ ከሆነ፣ ሶዶ ላይ ተቀምጦ ፖስተርና ባነር ለሚሠራ ሰው ጥሩ ሞኒተር ያለው የዊንዶውስ ዴስክቶፕ ለገንዘቡ የበለጠ ዋጋ ይሰጠዋል። ቦዲቲና አረካ እየተመላለሰ ሠርግ ለሚቀርጽ ሰው ግን የማክቡክ ባትሪ ለማክ የሚከፈለውን ተጨማሪ ወጪ ያካክሳል። ሁለቱም ለግዢ ሲሄዱ የራሳቸውን ፋይል በፍላሽ ይዘው ይሂዱ፤ ዱንጉዛውን ስክሪኑ ላይ ከፍተው፣ እውነተኛውን ጨርቅ አጠገቡ ይያዙት።