ግዞተኛው ዘበኛ

አንባቢ ሆይ፤ የከተማው ሕዝብ ሁሉ ማለት ይቻላል በወንጀል ተፈርዶበት የመጣ ቢሆን፣ ማንን ዘበኛ አድርገህ ትሾም ነበር? ከ700 የሚበልጡ የእንግሊዝ ግዞተኞች እንደ አውሮፓ አቆጣጠር በ1788 ሲድኒ በሰፈሩ ጊዜ አገረ ገዥውን አርተር ፊሊፕን ያስጨነቀው ይኸው ጥያቄ ነበር። ስንቁ በልክ እየተሰፈረ የሚሰጥ ነው፤ የጓሮው አትክልት ደግሞ በሌሊት እየተሰረቀ ያድራል። መኮንኖቹ «ግዞተኛ መቆጣጠር ሥራችን አይደለም» ብለዋል። የወታደሩስ ነገር! በማርች 1789 የመንግሥቱን ስንቅ ቤት ሲሰርቁ የተገኙ 6 ወታደሮች ተሰቅለዋል።

በዚያው ዓመት በኦገስት ወር፣ ጆን ሃሪስ የተባለ ግዞተኛ ባቀረበው ሐሳብ፣ ጠባያቸው የተመሰገነ 12 ግዞተኞች ተመረጡ። ሰፈሩ በ4 ተከፍሎ ለየክፍሉ 3 ሰው ሌሊቱን እንዲዞር ታዘዘ። ስርቆቱም ቀነሰ።

ነገሩ የከረረው ከዚህ በኋላ ነው። የማታው ከበሮ ከተመታ ወዲያ ሲዘዋወር ያገኙትን ወታደርም ይዘው እንዲያስረክቡ ተፈቅዶላቸው ነበርና፣ በኖቬምበር አንዱን ያዙ። የወታደሮቹ አዛዥ ሻለቃ ሮበርት ሮስ «ግዞተኛ ወታደርን ማስቆሙ ለጦሩ ውርደት ነው» ሲል ተቆጣ። ፊሊፕም፣ ሁከት ሲያነሣ ወይም ሕግ ሲጥስ ካልተገኘ በቀር፣ ወታደር እንዳይያዝ አዘዘ። እኔ ግን ሮስን ያስቈጣው የክብሩ ነገር ብቻ አይመስለኝም፤ የስድስቱ ስቅላት ገና አልተረሳም ነበር።

ፍርድ ቤቱ ከዚህ ይልቅ ደፋር ነበር። ሄንሪ ኬብል የሚባል ግዞተኛ ከባለቤቱ ጋር ሆኖ፣ ጓዛቸው በመርከብ ላይ ስለ ጠፋ፣ በጁላይ 1788 የመርከቡን አዛዥ ከሶ 15 ፓውንድ አስፈረደ። በእንግሊዝ ሕግ ግዞተኛ ሊከስ እንኳ ባልቻለ ነበር! ኬብል ኋላ የሲድኒ ዘበኞች ሁሉ አለቃ ሆነ፤ በ1802 ግን ከመርከብ በሕገ ወጥ መንገድ አሳማ ገዝቶ በማስገባቱ ከሹመቱ ተሻረ።