እግር ማንሳትና መታመም

አይጧ የምትገባው ወለሉ የሽቦ ወንፊት በሆነ ትንሽ የፕላስቲክ ሳጥን ውስጥ ነው። ማሽተቷንና መዞሯን እስክታቆም ትጠበቃለች። ከዚያ ተመራማሪው ከሥር ቀጭን የናይለን ክር ያስጠጋና ክሩ እስኪጎብጥ ድረስ የኋላ እግሯን መዳፍ ይጫናል። እግሯን ከነጠቀች ይመዘገባል፤ ካልነጠቀች ወፈር ያለው ክር ይከተላል። የዘዴው ፈልሳፊ በ19ኛው ክፍለ ዘመን መጨረሻ የሰውን ቆዳ በፀጉር እየነካ ስሜቱን ይለካ የነበረው የኦስትሪያ ተወላጁ ማክሲሚሊያን ፎን ፍሬይ ነው። የስኳር ሕመምተኞች እግር መደንዘዙ የሚታወቅበት ክርም የዚሁ ዘር ነው።

ሥር ስለሰደደ ሕመም ከምናውቀው ብዙው የተገኘው ከዚህች የእግር መነጠቅ ነው። እ.ኤ.አ. በ1983 ክሊፎርድ ዉልፍ ለንደን ውስጥ በአይጠ መጎጦች ላይ ባደረገው ጥናት፣ ጉዳት ከደረሰ በኋላ ኅብለ ሰረሰር ራሱ እንደሚቆጣና ቀላል ንክኪን ሳይቀር እንደ ሕመም እንደሚያስተላልፍ አሳየ። “ፎቶው ንጹሕ ነው፣ ምንም የለብሽም” ተብላ ከሐኪም ቤት ለተመለሰች ሴት ከዚህ የበለጠ ምስክር የላትም። በ1988 ደግሞ ጋሪ ቤኔትና ዪኩዋን ሺዬ የአይጠ መጎጥን የዳሌ ነርቭ በአራት ቦታ ላላ አድርገው በቀዶ ሕክምና ክር አሰሩ። ነርቩ በክሩ ውስጥ ሲያብጥ ራሱን ያንቃል፤ እንስሳው ያንን እግር መሬት ማስነካት ይፈራል፣ ለብ ያለውም ያቃጥለዋል። ልብስ ሲነካቸው የሚያማቸው ሰዎች የሚናገሩት ይህንኑ ነው።

የዚህ ሥራ ክፉ ጎን ሕመሙን ማስታገስ አለመቻሉ ነው፤ የሚጠናው እሱ ነዋ። ዓለም አቀፉ የሕመም ጥናት ማኅበር በ1983 ያወጣው መመሪያ ሕመሙ ጥናቱ ከሚፈልገው እንዳይበልጥና እንዳይረዝም ያሳስባል። ገደቡ የት ላይ እንደሆነ ግን የሚወስነው ያው አጥኚውና የተቋሙ ኮሚቴ ነው።

ወደ መድኃኒቱ ሲመጣ ነገሩ ይከፋል። ሰብስታንስ ፒ የተባለውን የሕመም መልእክተኛ የሚያግዱ መድኃኒቶች የእንስሳቱን ሕመም በሚገባ አስታገሱ፤ በ1990ዎቹ በሰው ሲሞከሩ ከባዶ ክኒን አልተሻሉም። ከዚያ ቤተሰብ የሆነው አፕረፒታንት በ2003 ገበያ የወጣው ለካንሰር ታካሚዎች ማስመለስ ማቆሚያ ሆኖ ነው። ታኔዙማብ የተባለው መድኃኒት ሌላ ጉድ ነው፦ የመገጣጠሚያ ሕመምን በእንስሳም በሰውም ቀነሰ፣ ግን የአንዳንድ ታካሚዎችን መገጣጠሚያ በፍጥነት አወደመ። በ2021 የአሜሪካ አማካሪ ኮሚቴ 19 ለ1 ተቃወመው፤ አምራቾቹም ተዉት።

ከሁሉ የሚያሳፍረው ግን የጾታው ጉዳይ ነው። ሥር በሰደደ ሕመም የሚሠቃዩት አብዛኞቹ ሴቶች ሆነው ሳለ፣ “ፔይን” በተሰኘው ዋነኛ መጽሔት ላይ በአሥር ዓመት ውስጥ ከወጡት የእንስሳት ጥናቶች ቢያንስ 79 በመቶው በወንድ እንስሳት ብቻ የተሠሩ መሆናቸውን በ2005 ጄፍሪ ሞጊልና ባልደረባው ቆጥረው አሳዩ። በ2015 የሞጊል ቡድን ማይክሮግሊያ የተባሉትን የኅብለ ሰረሰር ሕዋሳት ሲያግድ የወንዶቹ አይጦች የንክኪ ሕመም ለቀቀ፤ የሴቶቹ ግን ንቅንቅ አላለም። በመካከሉ በ2014 ይኸው ቡድን ሌላ ነገር አግኝቶ ነበር፦ የወንድ ተመራማሪ ጠረን ብቻ አይጦቹን አስጨንቆ የሕመም ምልክታቸውን ይቀንሳል። ስንቱ የቆየ ውጤት በላብ ጠረን ተዛብቶ ይሆን?

እኔን ይበልጥ የሚያሳምነኝ በ2009 ከአሪዞና ዩኒቨርሲቲ የወጣው ጥናት ነው። ተመራማሪዎቹ ክር በመጫን ብቻ ሳይወሰኑ እንስሳውን አስመረጡት። ነርቩ የተጎዳ አይጠ መጎጥ በአንደኛው ክፍል ኅብለ ሰረሰሩ ላይ ማስታገሻ ይሰጠዋል፣ በሌላኛው ባዶ ፈሳሽ። በኋላ ሁለቱም ክፍሎች ተከፍተው ይለቀቃል። ክሎኒዲን የተሰጠው እፎይ ወዳለበት ክፍል ሄዶ ይውላል። አዴኖሲን የተሰጠው ግን እግሩን መንጠቅ ቢያቆምም ለክፍሉ ምንም ፍቅር አላሳየም። በክር ብቻ ቢለካ ኖሮ አዴኖሲንም እንደ መድኃኒት በተቆጠረ ነበር። እንስሳው የሚታመመው ሳይነካም ጭምር ነው፤ እንቅልፍ የሚነሳውም ያ ሕመም ነው።

በጥር 2025 አሜሪካ የፈቀደችው ሱዜትሪጂን የተባለ የሕመም መድኃኒት ለዚህ ሁሉ ማሳያ ነው። የሚዘጋው የሶዲየም በር በ1996 ተለይቶ የታወቀው በአይጠ መጎጥ ነርቭ ውስጥ ነው። ፈቃዱ ለድንገተኛ ሕመም ብቻ ሲሆን፣ ከወገብ ወደ እግር ለሚወርድ የነርቭ ሕመም ሲሞከር መድኃኒቱን የወሰዱትም ባዶ ክኒን የወሰዱትም ተቀራራቢ መሻል ነው ያሳዩት።

በአገራችንም አዲስ አበባና ጎንደርን የመሳሰሉ ዩኒቨርሲቲዎች የባህል መድኃኒት ዕፅዋትን የሚፈትሹት በነጭ አይጦች ነው። የተለመዱት መንገዶች አይጧን ትኩስ ሰሌዳ ላይ አቁሞ እግሯን እስክትልስ መቁጠርና ሆዷ ውስጥ አሴቲክ አሲድ ወግቶ ስንቴ እንደተቆለመመች ማየት ናቸው። ሁለቱም በሰዓታት ውስጥ ያልቃሉ፤ ቅጠሉን የምትፈልገው እናት ግን ወገቧን ካመማት ዓመታት አልፈዋል። ውጤቱ ለቁርጠት ወይም ለቃጠሎ ፍንጭ ይሰጣል እንጂ ለእሷ ሕመም “ማስታገሻ ተገኘ” የሚያሰኝ አይደለም። እንስሳው የሚመርጥበትን ሁለት ክፍል ያለው ሳጥን አናጢም ይሠራዋል። ውዱ ነገር ነርቯ የታሰረችን አይጥ ለሳምንታት እየቀለቡ፣ ቁስሏን እየተከታተሉ ማቆየቱና ወንድና ሴቱን ለይቶ መፈተኑ ነው፤ ይህን ደግሞ ለመመረቂያ በተያዘ አጭር ጊዜና ጠባብ በጀት ማንም ተማሪ አይደፍረውም።