ጭላዳን ከማን ጋር እናኑር?



አንድን የተፈጥሮ አካባቢ በሚያሳይ የዱር እንስሳት ማቆያ የትኞቹ ዝርያዎች በአንድ አጥር ሊኖሩ ይችላሉ? የአገር አንድነት ብቻውን አይበቃም፤ ነብርና ጭላዳም የአንድ ተራራ ነዋሪዎች ናቸውና።

እ.ኤ.አ. በ1990 በኒው ዮርክ፣ በብሮንክስ ማቆያ፣ የኢትዮጵያን ደጋ የሚያሳይ ሥፍራ ተከፈተ። በዚያም ጭላዳ፣ የኑቢያ የዱር ፍየልና ሽኮኮ አብረው እንዲኖሩ ተደረገ። ሦስቱም ዕፅዋት ተመጋቢ ስለሆኑ አንዱ ሌላውን አያድንም። ጭላዳ መሬት ላይ ተቀምጦ ሣር ይነጫል፤ የዱር ፍየሉ ገደል ይወጣል፤ ሽኮኮ ትልልቆቹ በማይገቡበት የድንጋይ ስንጥቅ ይጠለላል። ሆኖም ወንዱ ጭላዳ ባለ ስለታም ክራንቻ፣ የዱር ፍየሉም ባለ ቀንድ ነውና መሸሻ መንገድ፣ የተለያየ መመገቢያና ማደሪያ የግድ ያስፈልጋል።

አንድ ነገር ግን ልብ ይሏል፦ የኑቢያው ፍየል የዋልያ ዘመድ እንጂ ዋልያ አይደለም። ምትክ ማኖር ነውር የለውም፤ ሰሌዳው ግን እውነቱን ሊናገር ይገባል። ዋልያ በዱር የሚገኘው በስሜን ተራሮች ብቻ ነው። በሌላ ሥፍራ አይቼዋለሁ ብሎ የሚመለስ ጎብኚ ስለ መጥፋቱ አይሰጋም።