የወረቀት መቁረጫ መኪና መጫኛ አስተካከል

ብርሃንና ሰላም ማተሚያ ቤት በ1914 ዓ.ም. ከተቋቋመ ወዲህ የኅትመት ሥራ በአዲስ አበባ እየተስፋፋ ሄዶ፣ ዛሬ እንደ ገርጂ ባሉት ሰፈሮች ሁሉ ይሠራል። ወረቀት መቁረጥ የሥራው መደምደሚያ ስለሆነ በዚያ የተበላሸ ነገር መመለሻ የለውም፤ የወረቀቱም የኅትመቱም ዋጋ አብሮ ይጠፋል።

በመኪናው ላይ አስቀድሞ የሚወርደው መጫኛው ነው፤ ቢላዋው ይከተለዋል። መጫኛው ክምሩን አጥብቆ ካልያዘ ቢላዋው የላይኞቹን የወረቀት ቅጠሎች ይስባቸዋል፤ የላዩና የታቹም ልክ ይለያያል። ከመጠን በላይ ሲጠብቅ ደግሞ በላይኛው ቅጠል ላይ የብረቱ ምልክት ይቀራል፤ ቀለሙም ያልደረቀ እንደ ሆነ ከአንዱ ቅጠል ወደ ሌላው ይጋባል።

ብዙ ጊዜ የሚዘነጋው የክምሩ ስፋት ነው። በመጫኛው ሥር 42 ሳንቲ ሜትር ለሚይዝ ክምር የተስተካከለው ኃይል ሳይቀነስ 21 ሳንቲ ሜትር በሚይዘው ላይ ቢውል፣ በእያንዳንዱ ካሬ ሳንቲ ሜትር ላይ የሚያርፈው ጫና እጥፍ ይሆናል። ስለዚህ ስፋቱ በግማሽ ሲያንስ ኃይሉም በግማሽ ሊቀነስ ይገባል።

ሠራተኛው በመጀመሪያ ስለቱን ይመርምር፤ የደነዘ ቢላዋም ወረቀት ይስባልና። ከዚያም ክምሩን ደልድሎ በመካከሉ ያለውን አየር ያስወጣ። በዝቅተኛ ኃይል ጀምሮ በተራፊ ወረቀት ይሞክር፤ የላይኛውንና የታችኛውንም ቅጠል አነባብሮ ያስተያይ። ልዩነት ቢያይ ኃይሉን ጥቂት በጥቂት ይጨምር። ምልክት የሚያሠጋ ሲሆን ከመጫኛው ሥር ካርቶን ማኖር ይረዳል። የተገኘው ልክ ከወረቀቱ ዓይነትና ስፋት ጋር በመዝገብ ቢጻፍ፣ ለሚመጣው ተመሳሳይ ሥራ ጊዜና ወረቀት ያተርፋል።